ማታ በአንድ ሰዓት የምትደውለው ለንሳ

ሱቄ ውስጥ፣ ከሳሙናው መደርደሪያ በላይ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። አናቱ ላይ «የአዴ መድና ሰዓት» ይላል። ጊንጪ ውስጥ በስሟ ሰዓት የተሰየመላት ነጋዴ ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ጨው ሊገዛ የገባ ሁሉ ቀና ብሎ ያነብና ይስቃል። «አራት ሰዓት፦ በግራ ጎን። ስድስት ሰዓት፦ በጀርባ፣ አጥሚት። ስምንት ሰዓት፦ በቀኝ ጎን። አዴ መድና፣ ይሄ ምንድን ነው፣ የዳቦ አገላበጥ ነው እንዴ?» ይለኛል። እኔም «አዎ፣ አንተንም ሳልጋግርህ ውጣ» እለዋለሁ። የሚገላበጡት ግን ጎረቤቴ ኦቦ ሙለታ ነበሩ። ወረቀቱን የጻፈችው ልጃቸው ለንሳ ናት። የማወራው ስለ እሷ ነው፤ ካጠፉባት ሰዎች ዋናዋ እኔ መሆኔንም ከአሁኑ ልናገር፣ ኋላ እንዳትታዘቡኝ።

እኔና ባሌ ፈዲሉ ከስልጤ መጥተን ጊንጪ ሱቅ የከፈትነው በ1983 ነው። ኦቦ ሙለታ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ነበሩ። ሥራቸው የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ዘበኛ ስል በር ብቻ የሚጠብቁ እንዳይመስላችሁ፤ ደወሉም የእሳቸው ነበር። ደወል የሚባለው ባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በብረት ሲቀጠቅጡት አንድ ቀን ሰዓት አላሳለፉም። ለንሳ አራት ዓመት ሲሞላት ሚስታቸው ሞተችባቸው፤ ሌላ አላገቡም። ልጅቷን ብቻቸውን አሳደጉ፣ ያሳደጓትም እንደዚያው በሰዓት ነው፤ መነሻ፣ መታጠቢያ፣ ማጥኛ፣ መተኛ። እኔ ልጆቼን በጩኸት አሳደግሁ፣ እሳቸው በሰዓት። የማን እንደበለጠ አላህ ያውቃል።

ለንሳ ዲፕሎማዋን ይዛ ወረዳ መዝገብ ቤት ተቀጠረች። መዝገብ ቤት የገባ ሰው ይሰለቻል ይባላል፣ እሷ ግን የተፈጠረችበትን ቦታ አገኘች። ሰው ከአሥር ዓመት በፊት ያስገባውን ማመልከቻ ብሎ ሲመጣ ቁጭ ሳይል ታወጣለታለች። ይሄንኑ አመል ወደ ቤት አመጣችው። የአባቷ የጡረታ ወረቀት በአንድ ማህደር፣ የሐኪም ወረቀት በሌላ፣ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ በሌላ። «ሽንኩርቱስ ቁጥር አልወጣለትም?» እላት ነበር። ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ እንደ አባቷ።

በ1999 ለሦስት ቀን ሥልጠና አምቦ ሄደች። በሁለተኛው ቀን ኦቦ ሙለታ ጠዋት በር ሊከፍቱ ተነስተው ወደቁ። የደም ግፊት ነው፣ ጭንቅላታቸውን መታቸው። ቀኑ ገበያ ስለነበር እኔ ሱቅ ውስጥ ራሴን ማከክ አልቻልኩም። በራቸው ቀኑን ሙሉ አለመከፈቱን ያየሁት ሲመሽ ነው። ሰውዬው ከጠዋት እስከ ማታ መሬት ላይ ብቻቸውን ተኝተው ዋሉ። ቀኝ ጎናቸው ሄደ፤ አንደበታቸውም ሄደ። የተረፈቻቸው ግራ እጃቸው ናት፣ እሷም ከጣቶቿ በላይ አትታዘዝም። ለንሳ ስትመጣ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ያለችውን ቆሜ ሰምቻለሁ። «አባኮ፣ ሁለተኛ ብቻህን አትሆንም። ቀንህ ሲደርስም ዓይንህን የምከድነው እኔ ነኝ» አለቻቸው። እሳቸውም የግራ አመልካች ጣታቸውን አነሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣት ማንሳት በዚያ ቤት «እሺ» ማለት ሆነ።

ከዚያ ደግሞ ቢፒአር የሚሉት ነገር መጣ። ወረዳው እንደ አዲስ ይደራጃል፣ ዲግሪ የሌለው ወደ ገጠር ቀበሌ ይወርዳል ተባለ። ገጠር ቀበሌ ማለት በክረምት ጭቃ ሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አባቷን ይዛ አትወርድ፣ ጥላቸው አትሄድ። ስለዚህ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ሆና ማኔጅመንት ተመዘገበች። ሌላው ሰው ዲግሪ የሚማረው ከፍ ለማለት ነው፤ እሷ የተማረችው ካለችበት ላለመነቃነቅ ነው።

እንግዲህ ቀኗን ልንገራችሁ፤ እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ትነሳለች። ትጸልያለች፤ የመካነ ኢየሱስ ሰዎች ናቸው፣ ጸሎቷ ግድግዳዬን አልፎ ይሰማኛል፤ እሱም ሰዓት አለው፣ አሥር ደቂቃ። ከዚያ አባቷን ትገለብጣለች፣ ታጥባለች፣ ጀርባቸውን ቫዝሊን ታሻለች። የተኛ ሰው በሁለት ሰዓት አንዴ ካልተገለበጠ ጀርባው ይቆስላል ብሎ ሐኪሙ ስለነገራት፣ ሁለት ሰዓት ለእሷ ሃይማኖት ሆነ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ አጥሚት በማንኪያ። ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ የትምህርቷን ማስታወሻ በትልልቅ ወረቀት ገልብጣ ለጥፋለች፤ በአንድ እጇ እያጎረሰች በዓይኗ ታነባለች። ሁለት ሰዓት ቢሮ። ስድስት ተኩል ወደ ቤት ትሮጣለች፣ አጉርሳ፣ ገልብጣ፣ ሰባት ተኩል ትመለሳለች። ከቢሮ ከተጣለ የማህደር ሽፋን ትንንሽ ካርድ ቆርጣ፣ ቀዳዳ አበጅታ፣ በፋይል ክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥል ነበር። መኪና ስትጠብቅ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ስትይዝ፣ እሷን ገለጥ ገለጥ ነው። አንድ ሠርግ ላይ ሃያ ደቂቃ ተቀምጣ፣ በነጠላዋ ሥር ካርድ ስትቆጥር ይዣታለሁ። «ሙሽራዋን እንኳ እያት እንጂ» አልኳት። «አይቻታለሁ፣ ታምራለች» ብላ ተነሳች።

ፈታኟ ኦቦ ሙለታ ነበሩ። ማታ ማታ ጎናቸው ተቀምጣ «ፕላኒንግ፣ ኦርጋናይዚንግ፣ ስታፊንግ፣ ዳይሬክቲንግ፣ ኮንትሮሊንግ» ትላለች። ሳትዘል ከጨረሰች ጣታቸው ይነሳል። አንዷን ከዘለለች አይነሳም። አንድ ቀን ለቀልድ እኔ ገብቼ አራቱን ብዬ አምስተኛውን ተውኩት፤ ሰውዬው ዓይናቸውን አፍጥጠው ጣታቸውን ከለከሉኝ። የደወል ሰው ናቸው፣ አራት የተደወለውን አምስት አይሉትም።

እኔስ የት ገባሁ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ለንሳ ይሄን ተረት እንደ መመሪያ ይዛ የአባቷን ሃያ አራት ሰዓት አከፋፈለችን። የሥራ ቀን አራት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት የእኔ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ እሷ አምቦ ስትውል ቀኑን ሙሉ የእኔና የፈዲሉ ነው። አልሰለቸንም ብል ውሸት ነው። ግን አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፣ ከእኔ ልጆች አንዱም ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ ከግድግዳዬ ማዶ አንድ ሰው ጥቁር ካባ ሲለብስ ማየት ፈልጌ ነበር። ከሷም ይልቅ እኔ ሳልፈልገው አልቀረሁም። አንድ የእጃጂ መምህር ሽማግሌ ሊልክ ሲጠይቃት «ከሰኔ በኋላ» አለችው። የትኛው ሰኔ እንደሆነ አልነገረችውም፣ እሱም ሌላ አገባ። እኔም «ደግ አደረግሽ፣ መጀመሪያ ጨርሺ» አልኳት። ምን አውቄ።

የመጨረሻው ዓመት ላይ፣ በጥር፣ ነገር ተበላሸ። የፈተናው ቀን ልትወጣ ስትል ኦቦ ሙለታ አልጋቸውን አበላሹ። አጥባ፣ አንሶላ ለውጣ፣ መንገድ ስትወጣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። አምቦ ስትደርስ የፈተናው ክፍል ተዘግቷል። የዚያን ቀን ማታ ስትመለስ ፊቷን አልረሳውም። አላለቀሰችም፤ ደጃፉ ላይ ቆማ አባቷን ብዙ አየቻቸውና ገብታ ገለበጠቻቸው።

ያ ትምህርት በሰኔ ከሌሎቹ ጋር እንድትፈተነው ተፈቀደላት። ካመለጣት ግን አንድ ዓመት ልትጠብቅ ነው፤ የወረዳው ምደባ ደግሞ ለሐምሌ ነው። ፈተናው ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ቀን በተከታታይ ሆነ፤ በጥር ያመለጣት ለማክሰኞ ተመደበ። «እንደ ጥር እንዳይሆንብሽ፣ አቢጊያ ዘንድ እደሪ» ያልኳት እኔ ነኝ። አቢጊያ አምቦ ቤት ተከራይታ የምትኖር የክፍል ጓደኛዋ ናት። ለንሳ ከ1999 ወዲህ አንድም ሌሊት ከአባቷ ተለይታ አታውቅም። ሁለት ሳምንት አሰበች። አባቷን ጠየቀች፣ ጣታቸውን አነሱ። ከዚያ ለእኔ አዲስ ወረቀት ጽፋ ከቀድሞው ሥር ለጠፈች። ሌሊቱንም ለእኔና ለፈዲሉ በየሁለት ሰዓቱ ከፋፍላዋለች። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ስልኬ ዝግ ነው፣ እንዳትደውሉልኝ። እኔ ማታ በአንድ ሰዓት እደውላለሁ። አባኮን የሚያስፈራ ነገር ከያዘው ግን በማንኛውም ሰዓት በአቢጊያ ስልክ ንገሩኝ።» ከሥሩ ቁጥሩ አለ። ሁለቴ ጽፋዋለች፣ አንዱ ቢጠፋ ብላ።

ቅዳሜና እሁድ ማታ በሰዓቷ ደወለች። እንዴት ዋለ፣ በላ፣ ጀርባውን አያችሁት፤ ከዚያ «ጆሮው ላይ አድርጊልኝ» ትላለች። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እይዛለሁ። ምን እንደምትል አይሰማኝም፣ የእሳቸው ጣት ብቻ ሲነሳ አያለሁ። «አነሳ?» ስትለኝ «አነሳ» እላታለሁ።

ሰኞ ሰኔ አሥራ ሦስት ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ በጀርባቸው ላስተኛቸው ስገባ ትንፋሻቸው ተለውጧል። ማንኪያውን አልተቀበሉም። ፈዲሉን ጠርቼ ጤና ጣቢያ ላክሁት፤ ነርሷን ይዞ ሲመለስ አልቋል። ከተማው ዛሬ ድረስ «ልጄ ትፈተን ብለው ነው ያረፉት» ይላል። እኔ እዚያው ነበርኩ። ምንም አላሉም። ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር፣ የከደንኩትም እኔ ነኝ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ዱጋሳ መጡ፣ ወንጌላዊው መጣ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። ፈዲሉ ገና ከመጀመሪያው «ልጅቷ ትጠራ» አለ። «አባቷ ናቸው። ሌላ ወሬ የለም፣ ትጠራ።» ኦቦ ዱጋሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መርዶ በስልክ አይነገርም። ነገ ጠዋት ፈተናዋን ጨርሳ በስድስት ሰዓት ራሷ ትመጣለች። መኪና ተራ ላይ ሽማግሌ ይቀበላታል፣ ቤት አስገብተን እንነግራታለን፣ በዘጠኝ ሰዓት አባቷን ትቀብራለች። ሬሳው ያድራል» አሉ። ትክክል መሰለኝ። ዛሬም ሳስበው እስከዚያ ድረስ ትክክል ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን አስታወስኩና «የሚያስፈራ ነገር ከያዘው ንገሩኝ ብላለች» አልኩ። «እሱ በሕይወት ላለ ነው» አሉኝ ኦቦ ዱጋሳ። ፈዲሉ ደግሞ ሊናገር ሲል «አንተ ስለ ትምህርት ምን ታውቃለህ?» አልኩት። ሰው ፊት አፉን አስያዝኩት።

አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አንድ ደቂቃ አላሳለፈችም። ቤቱ በሰው ሞልቷል።

«አዴ መድና፣ አካም ጂርታ? አባኮ እንዴት ዋለ?»

«ደህና ነው።»

«በላ?»

«በላ።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

«ዝንጅብል ጠጪ። የዛሬው ጥሩ ነበር። በይ ጆሮው ላይ አድርጊልኝ።»

ወደ ውስጥ ገባሁ። ታጥበው ተገንዘዋል፣ ነጠላ ለብሰዋል። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩት።  ቢያንስ ስልኩ አጠገብ እሳቸው አሉ፣ ነፍሳቸው ሩቅ አልሄደች ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። «አነሳ?» አለችኝ። «አነሳ» አልኳት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ድንኳን ተተከለ፣ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሁለት ሽማግሌዎች መኪና ተራ ሄደው ቆሙ። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጠራ፤ ለንሳ ናት፣ ያለ ሰዓቷ።

«አዴ መድና፣ መምህሩ በድንገት ታሞ ሆስፒታል ገባ። ፈተናው ለሐሙስ ጠዋት ተዛወረ። ልምጣና ረቡዕ ማታ ልመለስ? አርባ ደቂቃ መንገድ እኮ ነው። አባኮ ናፈቀኝ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አፌ ላይ «ነይ» የሚለው ቃል ነበረ። ኦቦ ዱጋሳ አጠገቤ ስለነበሩ ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ነገርኳቸው። አሰቡና «ከመጣች ሐሙስ አትፈተንም። የወላጅ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ብዕር አይጨብጥም። ዓመት ልትጠብቅ ነው፣ ሐምሌ ሲመጣ ወደ ገጠር ይጥሏታል። ሙለታ አራት ዓመት የተገላበጠው ለዚህ ነው? ሬሳ ደግሞ ተጨማሪ ሁለት ሌሊት አያድርም» አሉ። ፈዲሉ ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ዘንድ ነበር፤ ቢኖርም አልሰማውም ነበር። ቁልፉ በእኔ እጅ ነው፣ ስልኩ የእኔ ነው። ለንሳ ሐሙስን ካመለጠች ያ ሁሉ ካርድ፣ ያ ሁሉ አሥራ አንድ ሰዓት ከንቱ ሊቀር ነው ብዬ ሰጋሁ። መንገር ደግሞ ፈራሁ፤ እሱም አለበት።

«አትምጪ» አልኳት። «ምን ትመላለሻለሽ፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ቁጭ ብለሽ አጥኚ።»

«ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው አልኩሽ እኮ።» ተቆጣሁባት። ሰው ሲዋሽ ይቆጣል።

በዘጠኝ ሰዓት ኦቦ ሙለታ ተቀበሩ። መዘምራን ዘመሩ፣ ብዙ ሰው ወጣ፣ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ለቀቀ። ከሳጥኑ ኋላ የሥጋ ዘመድ በሚሄድበት ቦታ ላይ ግን ሰው አልነበረም። እኔ ልሄድበት አሰብኩና አፈርኩ።

ማክሰኞ ማታ በአንድ ሰዓት ደወለች። ጆሮው ላይ አድርጊልኝ አለች። ስልኩን ይዤ ገባሁና ባዶው አልጋ ላይ፣ ትራሱ በነበረበት፣ ያዝኩላት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም፤ እጄ ላይ ቢቆይ ማን ያየኛል? «አነሳ?» «አነሳ።»

ረቡዕ ግን ድንኳኑ ፈርሷል፣ ሐሙስ ስትመጣ ከሩቅ አይታ እንዳትደነግጥ ተብሎ። ሱቅ ከፍቼ ነበር። ስትደውል ወደዚያ ቤት መግባት አቃተኝ። «በይ አድርጌልሻለሁ» አልኩና ስልኩን በራሴ ጆሮ ያዝኩት፣ በጨው ጆንያና በስኳር ጆንያ መካከል ቆሜ። በኦሮምኛ ነበር የምታወራው፤ ሃያ ዓመት ጊንጪ የኖረ ሰው አንዲት ቃል አታመልጠውም።

መጀመሪያ ስለ ፈተናው አወራች።  ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባኮ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ፊት ለፊትህ ልለው አልቻልኩም፣ ዓይንህን ሳይ ያቅተኛል። በጥር፣ ፈተናው ያመለጠኝ ቀን፣ ማታ በር ላይ ቆሜ ሳይህ በልቤ ‹ምነው በሞትክና በገላገልከኝ› አልኩ። አንዴ ብቻ አይደለም። እዚህ አራት ሌሊት ሙሉ ተኝቼ ሳድር ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝም አለቀስኩ። ነገ ፈተናው አለቀ፣ ከእንግዲህ አጠገብህ ነኝ። ግን ይህን ይዤ አጠገብህ መቀመጥ አልችልም። ይቅር በለኝ» አለች።

ከዚያ እኔን ጠራችኝ። «አዴ መድና? ጣቱን አነሳ?»

ምን ልበል? አላነሳም ልበላት? የሉም ልበላት? ደንበኛ ገብቶ ዘይት ስጪኝ እያለኝ ነው።

«አነሳ» አልኳት።

ስታለቅስ ሰማኋት፤ የደስታ ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋች።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ መኪና ተራ ቆመው ሲጠብቋት እሷ በአባዱላ መጥታ ከፊታችን ባለው ቅያስ ወረደች። ሙዝ ይዛለች። ሱቄን አልፋ «ስድስት ሊሆን ነው፣ ልገልብጠው» ብላኝ ገባች። ከኋላዋ ስሮጥ ደርሳ ቆማለች። ፍራሹ ወጥቶ ውጭ ተሰጥቷል፣ አልጋው ጠፍሩ ብቻ ነው። ማስታወሻዎቿ ግድግዳው ላይ እንዳሉ አሉ። ሽማግሌ አልነገራትም፣ ዘመድ አልደገፋትም፤ መርዶዋን ከአልጋው ጠፍር ላይ አገኘችው። ዞር ብላ «መቼ?» አለችኝ። «ሰኞ» አልኩ። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ረቡዕ ላይ ስትደርስ ያሰማችውን ድምፅ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሰው ሲጮህ ብዙ ሰምቻለሁ፣ ያ ግን ጩኸት አልነበረም።

ፈተናውን አለፈች። በሐምሌ ከዲግሪ ባለቤቶቹ ጋር ተመደበች፣ ወረዳው ውስጥ ቀረች። ምረቃ አልሄደችም። ኦቦ ዱጋሳ «ያው ይኼን ነበር አባትሽ የፈለገው» ሲሏት ቀና ብላም አላየቻቸው። ያቺ በደቂቃ የምትኖር ልጅ ቢሮ በአራት ሰዓት መግባት ጀመረች። አንዳንድ ቀን በሯ እስከ ከሰዓት ዝግ ነው። ገጠር ቢጥሏትም ኖሮ ምን ይጎድልባት ነበር? የሚገላበጥ ሰው የለ፣ የምትሮጥለት ስድስት ተኩል የለ። ይሄን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማክሰኞ ጠዋት ኦቦ ዱጋሳ ስለ ምደባው ሲያወሩ፣ ዲግሪው ለአባቷ ሲባል እንደነበር፣ አባቷ ደግሞ ቤት ውስጥ እንደተገነዙ አንዳችንም አላስታወስንም።

በቀብሩ በአራተኛው ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት፣ ሱቅ መጣች። ሰው አልነበረም። ባንኮኒው ላይ እጇን አሳረፈች።

«ሰኞ ማታ ስልኩ የት ነበር?»

«እዚያው፣ አልጋው ላይ። ጆሯቸው ላይ አድርጌልሻለሁ፣ ወላሂ።»

«ማክሰኞስ?»

«ተቀብረው ነበር። አልጋቸው ላይ ያዝኩልሽ።»

«ረቡዕ?»

ሌላ ውሸት ፈለግሁ፤ ነበረኝም። አልጋው ላይ ነው ብላት ማን ይመሰክርብኛል? ግን ፊቷን አይቼ አልቻልኩም።

«እዚህ ነበርኩ። ሱቅ።»

«ያልኩትን ማን ሰማው?»

«እኔ።»

ቀስ ብላ፣ ቢሮዋ የመጣ ሰው ማመልከቻው እንደሌለ በምትነግርበት ድምፅ፣ «እንግዲያው ይቅር ያለኝ የለም» አለች።

እኔ «ይቅር ብዬሻለሁ» ልላት አልችልም፣ የእኔ አይደለም። ይቅር በይኝ ልላትም ፈልጌ ነበር፤ እሱንም ከየት አምጥታ ትሰጠኛለች ብዬ ተውኩት። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ፣ ግድግዳ እንጋራለን፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም ትለኛለች፣ እኔም ሰላም እላታለሁ፣ ሌላ አንነጋገርም።